ያለ ሲኦቱ በተሠራች ትንሽ አኳሪየም ቅጠሉ እየሟሟብኝ ነው፤ ነቅዬ እንደገና ልጀምር?

የቤታው እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጀማሪ ነኝ፤ ጥያቄዬ ቢያስቃችሁም አትፍረዱብኝ።

40 ሊትር የምትይዝ የመስታወት አኳሪየም አለችኝ። ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የሚባለውን ጋዝ መግጠም አልፈልግም። ሲሊንደሩ፣ ቱቦው፣ መቆጣጠሪያው... አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም። በአፈር፣ በጠጠርና በቀላል መብራት ትሠራለች ሲባል ሰምቼ ነው የገባሁበት። ከታች ማዳበሪያ የሌለበት የአትክልት አፈር ሁለት ጣት ያህል አነጠፍኩ። በላዩ ደቃቅ ጠጠር አለበስኩት። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪንና ቫሊስኔሪያ የሚባሉ የውሃ ተክሎች ተክያለሁ። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር አለ። መብራቱ ተራ ኤልኢዲ ነው። ጠዋት ስነሳ አበራዋለሁ፣ ልተኛ ስል አጠፋዋለሁ።

መጀመሪያ ውሃው ወተት መሰለ፤ ከዚያ ራሱ ጠራ። አሁን ደግሞ መስታወቱን ቡናማ አቧራ የሚመስል ነገር ይዞታል። የክሪፕቶኮሪኑ ቅጠል መጀመሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ስነካው እንደ ንፍጥ ጣቴ ላይ ይቀራል። አንዱ «መብራት ጨምሪ» ይለኛል። ሌላው «ያለ ሲኦቱ ተክል አይበቅልም፣ አትልፊ» ይላል። ቤታ የሚባለው ዓሣዬ ለጊዜው ሌላ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ውሃውን በየቀኑ እቀይርለታለሁ።

ሁሉንም ነቅዬ እንደ አዲስ ልጀምር? ዓሣውንስ መቼ ላስገባው?

ባልዲና ስፖንጅ

እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ። ምንም አትንቀዪ።

የዘረዘርሽው ሁሉ የአዲስ አኳሪየም ጠባይ ነው። ያ ወተት የመሰለው ውሃ ባክቴሪያ ነው። አፈሩ የለቀቀውን ምግብ አግኝቶ ተራባ፤ ምግቡ ሲያልቅበት ውሃው ጠራ። ቡናማው አቧራ ዳያተም ይባላል፤ የአልጌ ዓይነት ነው። ውሃና አዲስ ጠጠር ውስጥ ያለውን ሲሊካ ይወዳል። በጣት ሲነካ ወዲያው ይለቃል፣ መለያው እሱ ነው። በንጹሕ ስፖንጅ ጥረጊው። አኳሪየሟ ስትረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። «አልጌ ማጥፊያ» የሚል ጠርሙስ ግን እንዳትደፊበት።

ክሪፕቶኮሪኑም አልሞተም። አምራቾች አብዛኛውን የአኳሪየም ተክል የሚያሳድጉት ሥሩ እርጥበት ውስጥ፣ ቅጠሉ አየር ላይ ሆኖ ነው። አየር ላይ የወጣ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲነከር አይሆንለትም። ተክሉ ይጥለውና ውሃ የሚችል አዲስ ቅጠል ያወጣል። ክሪፕቶኮሪን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ቦታ ሲቀየርበት፣ ውሃ ሲለወጥበት ያኮርፋል። እንዲህ አድርገሽ እይው፦ ቅጠሎቹና ሥሩ የሚገናኙበትን አንገት በሁለት ጣት ቀስ አድርገሽ ጫን በዪው። ጠንካራ ከሆነ ተክሉ በሕይወት አለ። የሟሟውን ቅጠል ከግርጌው በመቀስ ቁረጪና አውጪው፤ እዚያው ከበሰበሰ አሞኒያ ይሆንብሻል። ሥሩን አትንኪ። ሳምንታት ይፈጅ እንጂ ከመሃሉ ጥቅልል ያለ ቀጭን ቅጠል ብቅ ይላል። ያ ቅጠል ከድሮው ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ አትደንግጪ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «መብራት ጨምሪ» ያለሽን ሰው አትስሚው።

ተክል በመብራት ብቻ አያድግም፤ ካርቦን ይፈልጋል። አየር ብቻ የሚነካው ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ጋዝ የሚገጥሙ ሰዎች ወደ 30 ሚሊግራም ያደርሱታል። ልዩነቱን አየሽው? የእነሱ ተክል ኃይለኛ መብራት ቢወርድበት ይሠራበታል። ያንቺ ካርቦኑ ቶሎ ያልቅበትና ቆሞ ይቀራል። የተረፈውን መብራት አልጌ ይወስደዋል። አልጌ በትንሽ ነገር መኖር ይችልበታል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት አኳሪየም መብራት የሚለካው በተክሉ ምኞት ሳይሆን ባለው ካርቦን ልክ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከመነሻ እስከ መኝታ ስትዪ እንግዲህ 14 ወይም 15 ሰዓት መሆኑ ነው። ጉድ ነው! ለጊዜው 6 ሰዓት አድርጊው። ተክሉ መያዝ ሲጀምር ወደ 8 ከፍ ማድረግ ትችያለሽ። መብራቱን በሰዓቱ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ግዢ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ «የግድ ነው» የምለው እሱን ብቻ ነው።

ጠዋትም ማታም ማየት የምትፈልጊ ከሆነ መላ አለው። መብራቱን ለሁለት ክፈዪው፤ መሃል ላይ አራት ሰዓት ያህል ይጥፋ። ከታች አፈር፣ ከላይ ጠጠር የሚለውን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ የምትመክረው ይኼን ነው። በእረፍቱ ሰዓት አፈሩ ውስጥ የሚበሰብሰው ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ዓሣ ሲገባ ደግሞ የዓሣው ትንፋሽ ይጨመርበታል። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ተክሉ የተጠራቀመውን ያገኛል። የአፈሩ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ማዳበሪያ ብቻ አይደለም።

«ያለ ሲኦቱ አይበቅልም» ያለሽ ሰው የትኛውን ተክል አስቦ እንደሆነ አላውቅም። አኑቢያስ እኮ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጅረቶች ዳር፣ ጥላ ሥር የሚኖር ተክል ነው። ጃቫ ፈርንም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ድንጋይና እንጨት ላይ ተጣብቆ ያድጋል። ብዙ መብራት ሲወርድባቸው ቅጠላቸው ላይ አልጌ ይቀመጥባቸዋል እንጂ አይጠቀሙም። ደማቅ ቀይ ተክልና መሬቱን ምንጣፍ የሚያስመስል አጭር ሣር አምሮሽ ከሆነ ግን ያ የጋዝ ሰዎች ሜዳ ነው፤ አንከራከርም።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛ፣ አኑቢያሱንና ፈርኑን ጠጠር ውስጥ ቀብረሻቸው እንዳይሆን። ቅጠሎቹ የሚወጡበት ወፍራም አግድም ግንድ አላቸው። እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በጥፍርሽ ጫፍ ንኪው፦ ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ከለሰለሰና ከሸተተ የተበላሸውን ቆርጠሽ ጤነኛውን አትርፊ። ከዚያ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በጥጥ ክር እሰሪው። ክሩ እስኪበሰብስ ሥሩ ራሱ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ከተከልሽው ውስጥ ሦስቱ ዘገምተኞች ናቸው። ቫሊስኔሪያ አንዴ ከያዘች ትሮጣለች፤ እስክትይዝ ግን ጊዜ ይወስድባታል። አሁን አፈሩ ምግብ እየለቀቀ የሚበላው የለም፤ ለዚህ ነው አልጌው የተመቸው። አንድ እቅፍ ሆርንዎርት ጨምሪ። ሥር የለውም፣ መትከል አያስፈልገውም፤ ጣል ታደርጊዋለሽ፣ ያድጋል። መጀመሪያ አካባቢ መርፌ መርፌ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል፤ ልቀሚው።

ዓሣው ይቆይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላው ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ። ባክቴሪያዎቹ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተራብተው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ለቤታሽ ግን ቀን መቁጠር አይበቃም፤ መመርመሪያ ጠብታ ግዢና ለኪ። አሞኒያም ናይትራይትም 0 ሲሉ፣ በተለያየ ቀን ለክተሽም 0 ሲሉ፣ ያኔ አስገቢው።

አሸዋ ብቻ

ባልዲ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ አፈሩ ላይ ግን አልስማማም። ለጀማሪ አፈር አልመክርም። አንድ ተክል ቦታ ልቀይር ብለሽ ስትነቅዪ ጭቃው ተነስቶ አኳሪየሟ ሻይ ትሆናለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያም ከአፈሩ ይወጣል። ተራ አሸዋ ላይ ተክሎ በሥሩ ለሚመገበው ተክል ከሥሩ አጠገብ የማዳበሪያ ክኒን መቅበር ንጹሕ ሥራ ነው። ክኒኑ ሲያልቅ ሌላ ትቀብሪያለሽ።

አንቺ አንዴ ገብተሽበታልና ተዪው። ሌላ አኳሪየም ስትሠሪ አስቢበት ብዬ ነው።

ባልዲና ስፖንጅ

አሸዋ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ምግባቸውን ከውሃው ነው የሚወስዱት። ለእነሱ ብቻ ከሆነ አፈር ማንጠፍ ድካም ነው። ክሪፕቶኮሪንና ቫሊስኔሪያ ግን በሥራቸው የሚበሉ ናቸው፤ አፈር ላይ ሲሆኑ ደስታቸው ነው። እህታችን ደግሞ ሁለቱንም ይዛለች።

መንቀሉን በተመለከተ እውነት ብለሃል። አፈር ያለበት አኳሪየም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ለሚል ሰው አይሆንም። መንቀል የግድ ከሆነ ሥሩን ሳትጎትቺ በመቀስ ዙሪያውን ቁረጪና ቀስ ብለሽ አውጪ፤ በዚያው ቀን የተወሰነ ውሃ ቀይሪ።

ተንሳፋፊ

ተንሳፋፊ ተክል እንዴት ማንም አላነሳም? እኔ ያለ እሱ አኳሪየም አልጀምርም።

የካርቦኑን ችግር አልፎታል እኮ። ቅጠሉ አየር ላይ ስለሆነ ካርቦኑን በቀጥታ ከአየር ይወስዳል፣ ሥሩ ደግሞ አሞኒያውንና ናይትሬቱን ከውሃ ይጠጣል። መብራቱ በዝቶብሽ ከሆነም ጥላ ይሆንልሻል። ሳልቪኒያ ወይም ፒስቲያ ፈልጊ። ዳክዊድ የሚባለውን፣ ያንን የምስር ፍሬ የሚያህል ቅጠል፣ በነፃ ቢሰጡሽም አትቀበዪ። አንዴ ከገባ ዕድሜሽን ሙሉ ስትለቅሚ ትኖሪያለሽ።

ግን ቤታ ልታስገቢ ነው። ቤታ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ስንጥብ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ አለበት። ስለዚህ ተንሳፋፊው የውሃውን ፊት ሙሉ እንዳይሸፍነው። ከግማሹ ሲያልፍ አፍሰሽ አውጪ። የአየር ቱቦ ክብ አድርገሽ ብታገናኚውና ብታንሳፍፊው ተክሉ ወደ ውስጥ አያልፍም፤ መሃሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ምግቡንም እዚያ ትጥዪለታለሽ።

ያወጣሽውን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳትጥዪ፤ ቦይም ውስጥ ቢሆን። እምቦጭን አስቢ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው አምሯቸው ሰዎች ይዘውት ስለዞሩ ነው። ፀሐይ ላይ አድርቀሽ ጣዪው፣ ወይም ለአትክልትሽ ቅበሪው።

የቤታው እናት

ተባረኩ! ጋሼ ባልዲ (ጋሼ ማለቴ ይቅርታ፣ አጻጻፍዎ ጋሼ ያስብላል) የነገሩኝን አደረግሁ። የክሪፕቶኮሪኑ አንገት ጠንካራ ነው። አኑቢያሱ ግን በእርግጥም ጠጠር ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ድንጋይ ላይ አሰርኩት። መብራቱን በታይመር 6 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ሆርንዎርትና ሳልቪኒያም አገኘሁ።

ለካሁ፤ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0.5 ይላል። አሞኒያው 0 ከሆነ ቤታውን ላስገባው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የቧንቧ ውሃዬ ክሎሪን አለው፤ በባልዲ አሳድራለሁ፤ ይበቃል? በየሳምንቱስ ምን ልሥራ? ደግሞ ደቃቅ ቀንድ አውጣዎች መስታወቱ ላይ ብቅ ብለዋል። እኔ አላስገባኋቸውም!

ባልዲና ስፖንጅ

ጋሼም ቢሆን ደስ ይለኛል።

አታስገቢው። አሞኒያው 0 የሆነው የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ ስለጀመሩ ነው፤ ተክሉም ይወስዳል። ሁለተኞቹ ግን ገና አልደረሱም፤ 0.5ቱ የሚነግርሽ እሱን ነው። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ቤታ ከላይ አየር ስለሚስብ የሚድን እንዳይመስልሽ፤ ችግሩ ያለው ደሙ ውስጥ ነው። አሁን ዓሣ ስለሌለ ግን የምታደርጊው ነገር የለም፤ ባክቴሪያው እንዳይራብ በጣትሽ ጫፍ ቆንጥረሽ የዓሣ ምግብ ጣል እያደረግሽ ጠብቂ።

ስለ ውሃው፦ ክሎሪን ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ክፍት ባልዲ ውስጥ ሲቀመጥ ይወጣል፤ የአየር ፓምፕ ብትከቺበት ይፈጥናል። አንዳንድ የውሃ አቅራቢ ድርጅቶች ግን ክሎራሚን ይጠቀማሉ። እሱ በማሳደር አይወጣም። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ተጠቀሚና እርፍ በዪ።

ሳምንታዊው ሥራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሩቡን ያህል ውሃ፣ ማለትም 10 ሊትር ገደማ፣ በቱቦ ወደ ባልዲ ሳቢ። ቱቦውን ጠጠር ውስጥ አታስገቢው፤ አፈሩ ይነሳብሻል። ከጠጠሩ በላይ አንሳፍፈሽ የተኛውን ቆሻሻ ብቻ ምጠጪ። የሚተካው ውሃ ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር ይቀራረብ፤ ሳህን ላይ ወይም መዳፍሽ ላይ እያፈሰስሽ ጨምሪ፣ ጠጠሩ እንዳይቆፈር።

ስፖንጁን በየሳምንቱ አትንኪው። አረፋው ሲዳከም ብቻ አውጪና ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። ባልዲው ቡናማ ይሆናል። እዚያ ላይ አቁሚ። ነጭ ካልሆነ ብለሽ አትሺው፤ ያ ቡናማ ነገር ውስጥ ነው ባክቴሪያሽ ያለው። ቧንቧ ሥር ካጠብሽው ክሎሪኑ ይጨርስልሻል፣ የስድስት ሳምንት ሥራ በአንድ ደቂቃ።

በመሃል ውሃ ተኖ ሲጎድል ብትሞዪም እሱ ውሃ መቀየር አይደለም። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ዓመት ሙሉ እየሞሉ ብቻ የሚኖሩ አሉ፤ ውሃቸው ድንጋይ ይሆናል፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል።

አፈሩን ደግሞ እንዲህ ተከታተዪው። አልፎ አልፎ ቀጭን እንጨት አስገቢና ቀስ ብለሽ ወጋ ወጋ አድርጊው። የተወሰነ አረፋ ይወጣል። ሽታ ከሌለው ችግር የለም። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተሽ ታች ኦክስጅን የለም ማለት ነው፤ ወጋ ማድረጉን ጥቂት ጥቂት እያልሽ በተለያየ ቀን ቀጥዪ። የተክሉ ሥር አፈሩን ሲሞላው ግን ሥሩ ራሱ ኦክስጅን ስለሚለቅ ይህ ስጋት ይቀንሳል። ቀንድ አውጣም ይረዳሻል።

ወደ እነሱ ልመለስ። እንቁላላቸው ተክሉ ላይ ተለጥፎ ነው የመጣው። ተያቸው። የሟሟ ቅጠልና አልጌ ይበላሉ፣ ጤነኛ ተክል አይነኩም። በድንገት ከበዙብሽ ቀንድ አውጣውን አትውቀሺ፤ ምግብ አብዝተሻል ማለት ነው። ለቤታ በቀን ሁለቴ ጥቂት ፍሬ ይበቃዋል፤ ሆዱ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም ይላሉ። የቀንድ አውጣ ማጥፊያ መድኃኒት አትግዢ። ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው፤ አንድ ቀን ሽሪምፕ ላስገባ ብትዪ ያንን አይችሉትም።

ማዳበሪያ አሁን አያስፈልግሽም፤ አፈሩ ይበቃል። ወደፊት አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከወጣ ብረት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ቅጠል ቀዳዳ ቀዳዳ ካወጣ ደግሞ ፖታሲየም። ያኔ ፎቶ አንሺና አሳዪን፤ በግምት አትጨምሪ።

ተንሳፋፊ

ክዳን አላት? ቤታ ይዘላል። ክዳን ከሌላት ውሃውን ከጠርዙ ጥቂት ጣት ዝቅ አድርጊው። ሙቀቱም ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤትሽ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ማሞቂያ ያስፈልግሻል።

የቤታው እናት

ክዳን አላት። ማሞቂያም አለ። ፓምፑን ከአኳሪየሟ በታች ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፤ ድምፁ ስለሚረብሸኝ። ታይመሩም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውም እዚያው ናቸው። ችግር አለው?

አሸዋ ብቻ

አለው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ያኔ ውሃው በአየር ቱቦው ተስቦ ወደ ፓምፑ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ወደ ማከፋፈያው። ወይ ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አድርጊ፣ ወይ ቱቦው መሃል ላይ አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈውን ትንሽ ቫልቭ ግጠሚ። በፓምፑ ወገን ስትነፊበት ወደ አኳሪየሙ ማሳለፍ፣ ስትስቢ መዝጋት አለበት፤ ሳትገጥሚው በአፍሽ ሞክሪው።

የመብራቱና የማሞቂያው ገመድ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ አይውረድ። ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ተመልሶ ወደ ላይ ይግባ። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውን ከቁምሳጥኑ ወለል አንስተሽ ግድግዳው ላይ ብትሰቅዪው ይሻላል። እጅሽን ውሃ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊትም ሁሉንም ንቀዪ፤ ማሞቂያው ውሃው ሲጎድል እየሠራ ከቆየ የራሱ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

የቤታው እናት

ቫልቩን ነገ እገዛለሁ። እስከዚያ ፓምፑን መደርደሪያው ላይ አወጣዋለሁ፤ ቢጮህም ይጩህ።